እንግዳው መቼ ነው ቤቱ የሚሄደው?

ባለፈው የቡሄ ሰሞን ደብረ ታቦር ለእህቴ ልጅ የሥዕል መጽሐፍ አነብላት ነበር። ታሪኩን ሳታውቁት አትቀሩም፣ ሥዕሉ ቢለያይም ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። ፀጉራም ፍጡር መንደር ይመጣል፣ ሁሉም ይፈራዋል፣ አንዲት ልጅ ዳቦዋን ታካፍለዋለች፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም አብረው ይጨፍራሉ። ስጨርስ ልጅቷ «እሺ፣ ቤቱ መቼ ነው የሚሄደው?» አለችኝ። መጽሐፉን መልሼ ገለጥኩት፤ መልሱ የለም።

ያን ማታ እዚሁ ከተማችን ስለተወለደ አንድ ልጅ ሳስብ አመሸሁ። ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተወለደ። ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ፤ የእንግሊዝ ጦር ልጁን ይዞ ወጣ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞው ላይ ትግራይ ውስጥ አረፉ። ሐምሌ ላይ ልጁ እንግሊዝ ደረሰ።

እዚያ ደግሞ እንደ ሥዕል መጽሐፉ ሁሉም ወደደው። ንግሥት ቪክቶሪያ አስጠርታ አየችው፣ አዘነችለት። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ዋይት በምትባለው ደሴት ፎቶ አነሳችው። በፎቶው አብሮት ያለው ካፒቴን ስፒዲ ነው፣ የእኛ ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» ያሉት ረጅሙ እንግሊዛዊ፤ የለበሰውም የሐበሻ ልብስ ነው።

ስፒዲ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጆች ሆነን የሰማነው የእንጀራ እናቷ ተረት አለ አይደል? የባሏ ልጅ አልቀርብ ሲላት ሽማግሌ ጋ ትሄዳለች፤ «የአንበሳ ፀጉር አምጪ» ይሏታል። በየቀኑ ሥጋ እያስቀመጠች፣ ቀስ በቀስ እየተጠጋች፣ ፀጉሩን ትነቅላለች። «በይ ልጁንም እንዲሁ ቅረቢው» ይሏታል። ተረቱ ልጁን ተለወጥ አይለውም፤ የምትለምደው እሷ ናት። ከእንግሊዞቹ ለዚህ የሚቀርበው ስፒዲ ነበር። አማርኛ ይችላል፤ ልጁ ሌሊት ሲፈራ አጠገቡ ያስተኛዋል። ሕንድ በተመደበ ጊዜም ይዞት ሄደ። በኋላ ግን መንግሥት «እንግሊዝ ይማር» ብሎ ለያያቸው። ከዚያ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ከአገር ቤት አያቱ በአማርኛ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ እሱ ግን አማርኛው ጠፍቶበታል።

ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ፣ በአስተማሪው በሲሪል ራንሰም ቤት ታሞ በ18 ዓመቱ ሞተ። የዚህ አስተማሪ ልጅ አርተር ራንሰም በኋላ በእንግሊዝ ከታወቁት የልጆች ደራሲዎች አንዱ ሆነ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤልሳቤጥ ሌርድ የዓለማየሁን ሕይወት የልጆች ልብ ወለድ አደረገችው።

በእንግሊዞች ብቻ እንዳልፈርድ ጋፋት ትከለክለኛለች። ጋፋት ከደብረ ታቦር በእግር የሚደረስባት ቦታ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መድፍ አሠሯቸው። እነሱም አማርኛ ተማሩ፤ ዋልድማየር የተባለው የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ቤተሰብ መሠረተ። ንጉሡ ይወዷቸው ነበር፣ ይሸልሟቸውም ነበር። ነገር ሲበላሽ ግን እንደ ልብ ልሂድ ማለት አልተቻለም። ሴባስቶፖል እየተጎተተ መቅደላ ሲወጣ እነሱም አብረው ወጡ፤ የተለቀቁት ዓለማየሁ በተወሰደበት በዚያው ሚያዝያ ነው። የአንዱ ቤት እንግዳ ሲለቀቅ የሌላው ልጅ እንግዳ ሆነ።

እኛ እንግዳ ተቀባይ ነን ማለት እንወዳለን፤ እውነትም ነን። አያቶቻችን ግን እንግዳ ሲቀበሉ ግማሹን ብቻ እንደሠሩ ያውቁ ነበር። ሌላው ግማሽ ሽኝት ነው። እንግዳው ሲነሳ ዱላቸውን ይዘው እስከ ወንዙ ይሸኙታል፤ ዳገቱን ሲጀምር አይተው ነው የሚመለሱት። የሥዕል መጽሐፎቻችን ከመቀበል አያልፉም። «ምን ትፈልጋለህ? የት ልሸኝህ?» የሚል ገጽ የላቸውም።

ዓለማየሁ ያረፈው ዊንዘር ግንብ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ንግሥቲቱ ባሠራችለት የነሐስ መታሰቢያ ላይ እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንደተቀበሉት የሚናገር የወንጌል ቃል ተቀርጿል። ሐሰት አይደለም፤ ተቀብለውታል። ግንቦት 2015 ዓ.ም. ግን አጽሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ የሰጠው መልስ «የሌሎችን ዕረፍት ሳንረብሽ አይቻልም» የሚል ነበር። መስከረም 2016 ዓ.ም. የስፒዲ ቤተሰብ ትውልድ ለትውልድ ሲያቆየው የነበረውን የራስ ፀጉሩን ለኢትዮጵያ አስረከበ። እስካሁን ወደ አገሩ የተሸኘው ያ ቁራጭ ፀጉር ብቻ ነው።

አሁን ለእህቴ ልጅ ሳነብላት ጭፈራው ላይ አናቆምም። ከራሳችን አንድ ገጽ ጨምረናል። ልጅቷ ፀጉራሙን ፍጡር «ቤትህ በየት በኩል ነው?» ትለዋለች። ከዚያ ነጠላዋን ታጣፋለች፤ ሙልሙል ለመንገዱ ትይዝለታለች።