ከጦር ሜዳ የተመለሱት የቆረጡት መንገድ፦ በአውስትራሊያ ደቡብ ዳርቻ በሚኒባስ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲያበቃ (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአውስትራሊያ ሕዝብ 5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚያ ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ለጦሩ ተመዝግቦ 60 ሺህ ያህሉ በጋሊፖሊ፣ በፈረንሳይና በቤልጂየም አፈር ቀርቷል። የተረፉት በመርከብ እየተጫኑ ሲመለሱ ብዙዎቹን የጠበቃቸው ሥራ ማጣት፣ ያልዳነ ቁስልና ሌሊት የሚያባንን ቅዠት ነበር። ከተሞች ለሞቱት ሐውልት ማቆም ጀመሩ። በደቡብ ምሥራቋ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ግን ለሞቱት መታሰቢያ፣ ለተረፉት ደግሞ እንጀራ የሚሆን አንድ ሥራ ታሰበ፤ በውቅያኖስና በተራራ መካከል ገደሉን እየቆረጡ መንገድ ማውጣት።

ያ መንገድ ዛሬ ግሬት ኦሽን ሮድ ይባላል። ከሜልበርን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከቶርኪ ተነሥቶ ዋርናምቡል አጠገብ እስካለችው አላንስፎርድ ድረስ 243 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በዓለም ትልቁ የጦርነት መታሰቢያ እንደሆነ ይነገርለታል። በየማለዳው ከሜልበርን ጥቂት ጥቂት ሰው የጫኑ ሚኒባሶች ወደዚያ ይነዳሉ። ተሳፋሪው በአብዛኛው የሚሄደው በፎቶግራፍ የሚያውቃቸውን ከባሕር መሐል የቆሙ ዐለቶች ለማየት ስለሆነ መንገዱን እንደ መተላለፊያ ብቻ ይቆጥረዋል። ይህ ያሳዝነኛል። በዚያ ዳርቻ የሰው እጅ ከሠራው ሁሉ ትልቁ ነገር ራሱ መንገዱ ነውና።

መንገዱ ከመውጣቱ በፊት አገሩ ምን ይመስል እንደነበር ካልታወቀ ሥራው አይገባም። የኦትዌይ ተራሮች በጥቅጥቅ ደን ተሸፍነው ወርደው ወርደው ባሕሩ ጫፍ ላይ ድንገት ያበቃሉ። በዚያ ደንና ዳርቻ ጋዱባኑድ የተባሉት የአገሩ ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ ነበር። በ1846 በኤር ወንዝ አካባቢ የመሬት ቀያሾች ቡድን፣ አንድ ባልደረባችን ተገድሏል ብሎ ለበቀል ወጥቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ይህ ደም የዳርቻው ታሪክ ክፍል ነው፤ የጉብኝት አውቶቡሶች ግን ብዙውን ጊዜ በዝምታ ያልፉታል።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩት ነጮች የዳርቻው መንደሮች ወደሆኑት ወደ ሎርንና ወደ አፖሎ ቤይ ለመድረስ ሁለት አማራጭ ነበራቸው። አንደኛው ከውስጥ አገር በፈረስ ጋሪ ተራራውን በጭቃ መሻገር ነው። ሌላው ባሕሩ ነበር፤ ባሕሩም መርከብ የሚበላ ባሕር ነው። በ1845 ከእንግሊዝ የመጣው ካታራኪ የተባለ መርከብ ከዚያው ፊት ለፊት በኪንግ ደሴት ተሰብሮ 400 ያህል ሰው አልቋል። በኬፕ ኦትዌይ አፋፍ ላይ መርከብ የሚመራ የመብራት ማማ በ1848 ሥራ የጀመረው ከዚህ እልቂት በኋላ ነው። ማማው ቢበራም ጥፋቱ አላቆመም። በ1878 ሎክ አርድ የተባለው መርከብ 54 ሰው ይዞ ከዐለት ጋር ተጋጨ፤ የተረፉት አንድ ወጣት መርከበኛና አንዲት ወጣት መንገደኛ ብቻ ነበሩ። ቶም ፒርስ ራሱ ወደ ዳርቻ ከደረሰ በኋላ ኢቫ ካርማይክልን ሲሰማ ተመልሶ ወደ ማዕበሉ ገብቶ አወጣት። ቦታው ዛሬ በመርከቡ ስም ይጠራል፤ ሚኒባሶችም ይቆሙበታል።

ለወታደሮቹ ሥራ ይሆን ዘንድ የዳርቻ መንገድ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ ያነሣው የቪክቶሪያ የገጠር መንገዶች ቦርድ ሊቀመንበር ዊሊያም ኮልደር ነው። ሐሳቡን ይዞ የሮጠው ደግሞ የጊሎንግ ከተማ ከንቲባ ሃዋርድ ሂችኮክ ነበር። ሂችኮክ በ1918 የመንገዱን ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ ከሕዝብ ይለምን ጀመር፤ ከራሱ ኪስም 3,000 ፓውንድ አወጣ። ሰውየው ነጋዴ ነበርና መንገዱ ጎብኚ እንደሚያመጣ፣ የተገለሉትን የዳርቻ መንደሮችም እንደሚያገናኝ ከመጀመሪያው ይናገር ነበር። ስለዚህ መታሰቢያውና ቱሪዝሙ አብረው ተወለዱ እንጂ አንዱ ሌላውን ኋላ መጥቶ አልወረሰውም። መታሰቢያ የሚረገጥ፣ የሚነዳበት፣ ሕዝብ የሚጠቀምበት ነገር መሆን ይችላል ብሎ ማሰቡን እኔ ትልቅ አስተዋይነት አድርጌ አየዋለሁ። በ1991 የደርግ ሠራዊት ተበትኖ መሄጃ ያጣውን ወታደር በየመንገዱ ያየ አንባቢ የዚህ ሐሳብ ክብደት ሳይነገረው ይገባዋል።

የመንገዱ ቀያሾች ቀድመው ገቡ። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር በወር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የሚራመዱት። መስከረም 19 ቀን 1919 የክፍለ ግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሎውሰን ሎርን አጠገብ የመጀመሪያውን ድማሚት አፈነዳ፤ ሥራውም ተጀመረ። በሥራው ላይ የተሰማሩት ወታደሮች በጠቅላላው 3,000 ያህል ናቸው። መሣሪያቸው ዶማ፣ አካፋ፣ የእጅ ጋሪና ፈንጂ ነበር፤ ማሽን የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። በቀን 8 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ግማሽ ቀን ይሠሩ ነበር፤ የቀን ደመወዛቸው 10 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ነው። የሚያድሩት ተዳፋት ላይ በተተከሉ ድንኳኖች ሲሆን ሰፈሩ ውስጥ ፒያኖ፣ ግራሞፎን፣ ጋዜጦችና መጽሔቶች ነበሯቸው። የድማሚት ማቀጣጠያ የሚይዙት ሰዎች በመኪና ሲሄዱ መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይዘውት ይቀመጡ ነበር። አፋፍ ላይ ቆሞ ከበላይ ዐለት፣ ከበታች ማዕበል እያለ መቆፈር የዕለት ሥራ ነበርና፣ ከጦርነት ተርፈው እዚህ የሞቱም ነበሩ።

ከእነዚያ ዓመታት የሚወራ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። በ1924 ካሲኖ የተባለ የጭነት መርከብ በኬፕ ፓተን አቅራቢያ ዐለት መትቶ ተቀረቀረ። ለመንሳፈፍ ጭነቱን መጣል ነበረበትና 500 በርሜል ቢራና 120 ሣጥን አልኮል ወደ ባሕሩ ጣለ። ማዕበሉም ጭነቱን ወስዶ ከወታደሮቹ ሰፈር በታች አወጣው። ሥራው ለሁለት ሳምንት ያህል ቆመ። ያን ያህል ዘመን በጭቃና በሞት መካከል ለኖሩ ሰዎች ያቺ ዕረፍት ትገባቸው ነበር እላለሁ።

ከኢስተርን ቪው እስከ ሎርን ያለው ክፍል በ1922 ተከፈተ። ወጪውን ለመመለስ ኬላ ተተከለና በመኪና የሚያልፍ 2 ሺሊንግ ይከፍል ጀመር። ከሎርን እስከ አፖሎ ቤይ ያለው ክፍል ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ ተራራው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ስለሚገባ ማሳለፊያ የለውም። ኅዳር 1932 ምክትል አገረ ገዢው ሰር ዊሊያም ኧርቪን መንገዱ ተጠናቋል ብሎ ሲከፍት ሂችኮክ አልነበረም፤ ሦስት ወር አስቀድሞ በልብ ሕመም ሞቷል። መኪናው ግን በምረቃው ሰልፍ ከአገረ ገዢው መኪና ኋላ ተከትላ ተነዳች። ማኅበሩ መንገዱን በ1936 ለመንግሥት አስረከበ፤ የኬላው ክፍያም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያልፍበታል።

ሚኒባስ ለዚህ መንገድ ተስማሚ የሚሆንበት ምክንያት መንገዱ በእጅ በመቆረጡ ነው። ተራራውን መብሳት አልተቻለምና መንገዱ የተራራውን እጥፋት እየተከተለ ይዞራል፤ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ትልልቆቹ አውቶቡሶች በየጠባቡ መመልከቻ መቆም አይችሉም፤ ሰፊ ማቆሚያ ወዳለበት ብቻ ይሄዳሉ። ባለ15 ወይም ባለ20 መቀመጫው ግን ገባ ብሎ ይቆማል፤ ሾፌሩም አብዛኛውን ጊዜ አስጎብኚው ራሱ ነው። በአውስትራሊያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ከሜልበርን ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ተሳፋሪ ባሕሩ በግራው፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። ትልልቆቹ መኪናዎች የሚርመሰመሱበትን ሰዓት ለመሸሽ በውስጥ አገር መንገድ ቀድመው ምዕራቡ ጫፍ ደርሰው በዳርቻው የሚመለሱም አሉ፤ ያኔ ግን ተሳፋሪው ከባሕሩ በአንድ ረድፍ መኪና ይርቃል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ከአፖሎ ቤይ በኋላ መንገዱ ከባሕር ተለይቶ ወደ ተራራው ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል የሚያልፈው እንቅልፍ እየጣለው ነው፤ ለእኔ ግን ከጉዞው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ማይትስ ረስት በተባለው ስፍራ በጣውላ የተሠራ አጭር የእግር መንገድ አለ። ግንዳቸው በዛፍ ሽበት የተሸፈነ ጥንታዊ ዛፎች፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ፈርኖችና ረጃጅም የባሕር ዛፍ ዘሮች ሰማዩን ይጋርዳሉ። ባሕር ዛፍን በጨፌውና በጓሮው ተክሎ ላደገ ኢትዮጵያዊ ዛፉን በትውልድ አገሩ፣ በተፈጥሮ ቁመቱ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከአፖሎ ቤይ በፊት በሚታለፈው ኬኔት ሪቨር ላይም ኮዋላዎች በዚሁ ዛፍ ቅርንጫፍ መካከል ተኝተው ይታያሉ።

ሰው ሁሉ የሚሄድላቸው ዐለቶች ከደኑ ቀጥለው ይመጣሉ። ድሮ በአሳማና በግልገሎቿ ይመሰሉ የነበሩት እነዚህ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ጎብኚ እንዲስቡ ተብሎ ስማቸው ወደ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ተለወጠ። ቁጥራቸው አሥራ ሁለት ሆኖ አያውቅም። ዘጠኝ የነበሩት በሐምሌ 2005 አንደኛው ተደርምሶ ስምንት ቀሩ። ድንጋዩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ስለሆነ ማዕበሉ ሥሩን እየበላው ይሄዳል። በ1990 ድልድይ የመሰለ አንድ ቅስት ዐለት ሰዎች ተሻግረውበት እንዳለፉ ከኋላቸው ተደረመሰ፤ በወዲያኛው ጫፍ የቀሩትን ሁለት ሰዎች ያወጣቸው ሄሊኮፕተር ነው።

መንገዱም ራሱ አደጋ አያጣውም። ኢስተርን ቪው ላይ ያለው የእንጨት መታሰቢያ ቅስት በ1983ቱ ታላቅ ሰደድ እሳት ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። በ2015 የገና ዕለት በዋይ ሪቨርና በሴፓሬሽን ክሪክ 116 ቤቶች ተቃጠሉ። እሳቱ ተዳፋቱን ከዕፅዋት አራቁቶት ስለነበር በተከታዩ ክረምት ዝናብ ሲመጣ ናዳ መንገዱን ዘጋው። መንገዱ በ2011 በአገር አቀፍ ቅርስነት ተመዘገበ። በ2020 የወጣው ሕግ ደግሞ ዳርቻውን እንደ አንድ ሕያው አካል ቆጥሮ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት አቋቁሞለታል፤ የአገሩን ጥንታዊ ባለቤቶች ኢስተርን ማርንና ዋዳውሩንግን በስማቸው ያነሣል። እንዲህ ያለ ሕግ ከመቶ ዓመት በፊት ቢኖር ኖሮ መንገዱ ምናልባት አይሠራም ነበር፤ ዛሬ ግን ከሌለ መንገዱም ዐለቱም አይቆዩም።

በሜልበርን፣ በተለይ ፉትስክሬይ አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከአገር ቤት እናት ወይም አባት ሲመጡም ይህን ዳርቻ ማሳየት የተለመደ ነው። አንድ የምለምነው ነገር አለ። በአንድ ቀን ሄዶ መመለስ 12 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አብዛኛው መቀመጫ ላይ ያልቃል፤ ለሸመገለ ሰውማ ድካሙ ከደስታው ይበልጣል። ሎርን ወይም አፖሎ ቤይ አንድ ሌሊት ቢታደር ጠዋት ላይ ዳርቻው ከሰው ነጻ ነው፤ ለሐዋርያቱም የከሰዓቱ ብርሃን ይደርሳል። ሾፌሩም ማውንት ዲፋያንስ ላይ፣ የሂችኮክ መታሰቢያ ባለበት መመልከቻ፣ ይቁም ይባል። አብዛኛው ጉዞ ዘልሎት ያልፋል። ከዚያ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢታይ ተራራው ወገብ ላይ የተቆረጠው መንገድ በግልጽ ይታያል፤ ዶማው የት እንደገባ፣ ድማሚቱ የት እንደፈነዳ መገመት የሚቻለው እዚያ ቆሞ ነው።