እንግዳ የከፈተው የንግድ መንገድ



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ የታሪክ ጉዳይ ጥቂት ልንል አስበናል። ጉዳዩ ስደተኛና ንግድ ነው። «ይኼ ደግሞ ከእድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አባል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስቲ በመጀመሪያ በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፉትን ስሞች እናስተውል። ስኳርና ሳሙና የምንገዛበትን ቤት «ሱቅ» እንለዋለን፤ ቃሉ የዓረብ ነው። ትልቁን ገበያችንን «መርካቶ» እንለዋለን፤ ቃሉ የጣሊያን ነው። በአዲስ አበባ «ሰባራ ባቡር» የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ካስመጣው የእንፋሎት መኪና ነው ይባላል።

እነዚህ ስሞች ከሰማይ አልወረዱም። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ትቷቸው የሄደ ነው። ታዲያ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከአገሩ ወጥቶ ሰው አገር የሚቀመጥ ሰው የነበረውን ገበያ ይሻማል ወይስ ያልነበረ ገበያ ይከፍታል? እኛ እንደተረዳነው መልሱ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን በራሱ የሚሆን አይደለም።

ለእድር ሰው ነገሩን ማስረዳት አይከብድም። አዲስ ሰው ሰፈራችን ገብቶ አባል ልሁን ሲል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ያውቅሃል?» ብለን ነው። የሚያውቀው ሰው ከተገኘ ነገሩ ያልቃል። በአገርና በአገር መካከል ያለ ንግድም እንዲሁ ነው። ሐረር ያለ ቡና ሻጭ ቦምቤይ ያለውን ገዢ አይቶት አያውቅም። ገዢው ቢክደው የሚከሰስበት ዳኛ የለም፤ ቡናው የተበላሸ ሆኖ ቢገኝም ገዢው የሚመልስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በመካከል ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ስደተኛው ያ ሰው ነው። ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛ ወሬ፣ ማለት የትኛው ዕቃ የት አገር እንደሚፈለግ፤ ሁለተኛ ዋስ፣ ማለት በትውልድ አገሩ የሚታመን ስምና ዘመድ፤ ሦስተኛ ደግሞ የለመደውን ምግብና ልብስ።

ዋስ የሌለው ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው፣ ዓደን ላይ ተቀምጦ ይነግድ ለነበረው ለባርዴ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር። የንግድ ቤት ከኋላው ሳለ ሥራው ይሄድ ነበር። ኋላ ግን በገዛ ራሱ ሊነግድ ፈለገና ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ወደ ሸዋ መጣ፤ በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተደራደረ። ሸሪኩ የነበረው ላባቱ የሚባለው ፈረንሳዊ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር «የላባቱን ዕዳ ክፈል» የሚሉ ሰዎች ከበቡት። የጠመንጃውም ዋጋ ካሰበው በታች ሆነበት። ራምቦ ከስሬያለሁ እያለ ወደ ባሕር ወረደ። ዕቃው ጥሩ ነበር፣ ገዢም ነበረ፤ ሰው ግን አልነበረውም።

አሁን ከዚህ ጋር የሕንዶቹን እናስተያይ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከሕንድ አገር፣ ከጉጃራት የመጡ ነጋዴዎች መጀመሪያ ሐረር፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ቤት ከፈቱ። ከሁሉ የታወቀው የመሐመድዓሊ ድርጅት ነው። የእነዚህ ሰዎች ጉልበት የገንዘብ ብዛት ብቻ አልነበረም። አንዱ ዘመድ ቦምቤይ፣ አንዱ ዓደን፣ አንዱ ጂቡቲ፣ አንዱ ሐረር ይቀመጣል፤ በደብዳቤ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ያለ ጥርጥር ይልካል። በዚህ ሰንሰለት ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ከኢትዮጵያ ይወጣል፤ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይገባል። ከነሱ የሚረከበው የአገሬው ነጋዴ ደግሞ ዕቃውን በዱቤ ወስዶ ከየገበያው ቡናና ቆዳ ሰብስቦ ይከፍላል።

የዚህ ሰንሰለት ጉልበት ምን ያህል እንደነበረ የሚያሳየው የአቡጀዲ ታሪክ ነው። አቡጀዲ ብለን የምናውቀው ጨርቅ በዚያ ዘመን በብዛት ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣ ነበር። የሚገርመው ግን የአሜሪካ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ሱቅ ከፍቶ አይሸጥም ነበር። ጨርቁ ወደ ዓደን ይጫናል፤ ከዚያ ወዲያ በሕንዶችና በሌሎች ነጋዴዎች እጅ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ይገባል። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሁለቱ መንግሥታት ገና ሳይተዋወቁ ሕዝቡ የአሜሪካ ጨርቅ ለብሷል። ውሉ ንግዱን አልፈጠረውም፤ ንግዱ ነው ውሉን የጠራው። በመካከል ያገናኘው ደግሞ ኢትዮጵያዊም አሜሪካዊም ያልሆነ ሰው ነበር።

የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ሰው ቁጥር በረከተ። የመኖች በየሰፈሩ ትንንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ «ዓረብ ቤት» ማለት ሱቅ ማለት እስኪሆን ድረስ። አርመኖችና ግሪኮች በልብስ ስፌት፣ በወርቅ ሥራ፣ በጫማ፣ በዳቦና በመጠጥ ንግድ ገቡ። ኋላም የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካኑን ከገበያ ሲገፋው፣ ጨርቁን በየሱቁ የሚዘረጉት ያው ከዓደንና ከጂቡቲ ጋር የተሳሰሩት ነጋዴዎች ነበሩ። ዕቃው የሚመጣበት አገር ተለወጠ እንጂ የመጣበት መንገድ አልተለወጠም።

ይህን ስንል ሁሉ ነገር ማርና ወተት ነበር ማለታችን አይደለም። እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል በውጭ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳያልፍ አሰረው፤ የውጭ ሰው ሲከሰስም የአገሩ ቆንስል በፍርዱ እንዲገባበት ፈቀደ። በዚህም የተነሣ የአገሬው ነጋዴና የውጭው ነጋዴ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም ነበር። የባሕር ማዶው ንግድ ትርፍም በአብዛኛው በውጭ ሰዎች እጅ ቀረ። አባቶቻችን በዚህ ቢያጉረመርሙ ምክንያት ነበራቸው። ጥፋቱ ግን የውሉ እንጂ ማለዳ ተነሥቶ ሱቁን የሚከፍተው የየመን ሰው ጥፋት አልነበረም። እንዲያውም ከሱ ሱቅ በሠራተኛነት የገቡ ብዙ የጉራጌ ልጆች ሚዛኑንም ሒሳቡንም ተምረው ራሳቸው ባለ ሱቅ ለመሆን በቅተዋል። ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ስደተኛው ሲባረር ምን ይሆናል? የአገራችን ታሪክ ይህንንም ሁለት ጊዜ አሳይቶናል። ጣሊያኖች አገሩን በወረሩ ጊዜ ንግዱን ሁሉ ለራሳቸው ሰዎች ለማድረግ ፈለጉ። የመሐመድዓሊንም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1937 አስወጡት። መጋዘን መውረስ ቀላል ነው፤ ለሐረሩ ቡና ሻጭ ዱቤ የሚሰጠውንና በቦምቤይ የሚታመነውን ስም መውረስ ግን አይቻልም። ሁለተኛው በ1967 ዓ.ም. ነው። ድርጅቶች ተወርሰው፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ፣ ብዙ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶችና የመኖች ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ። ከነዚህ መካከል እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ፣ ሌላ አገር የማያውቁ ነበሩ። ሱቁ ቀረ፤ ከውጭ አገር ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፈው ሰው ግን ሄደ።

«ይኼ ሁሉ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ስደተኛው ራሱ ንግድ ወዳለበት ሄዶ ይሆናል» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም የጠየቁት ይህንኑ ነው። ኪት ሄድና ጆን ሪስ የተባሉ ሁለት መምህራን የካናዳን ንግድ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከአንድ አገር የመጡ ስደተኞች ቁጥር ከመቶ 10 ሲጨምር ካናዳ ወደዚያ አገር የምትልከው ዕቃ ከመቶ 1 ያህል፣ ከዚያ የምታስገባው ደግሞ ከመቶ 3 ያህል ከፍ እንደሚል አሳይተዋል።

ከዚህ ይበልጥ ጥያቄውን የሚመልሰው የቬትናሞች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አሜሪካ የተወሰዱትን ስደተኞች መንግሥት በየግዛቱ በተናቸው፤ ለንግድ ይመቻል ብለው ራሳቸው የመረጡት ቦታ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ደግሞ አሜሪካ ከቬትናም ጋር ንግድ ከልክላ ነበር። ክልከላው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲነሣ ምን ታየ? ፓርሰንስና ቬዚና የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ብዙ ቬትናሞች የሰፈሩባቸው ግዛቶች ወደ ቬትናም የሚልኩት ዕቃ ከሌሎቹ ይበልጥ አደገ። ሃያ ዓመት ያህል ንግድ ሳይኖር ሰው ብቻ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ንግዱ ሰው ወዳለበት ሄደ።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን ወደ ራሳችን እንመልከት። ዛሬ ስደተኛው የኛ ልጅ ነው። ከእድራችን አባላት መካከል ልጁ ወይም ዘመዱ አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዓረብ አገር የሌለው ቤት ስንት ነው? «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ የሚያውቁት ግን ይናፍቃል። ልጆቻችን በሄዱበት ሁሉ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ፈለጉ። በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትና ሱቅ በዝቷል፤ ፈረንጁም በእጁ መጉረስ ለምዷል። እዚሁ የተጋገረ እንጀራ በአውሮፕላን ተጭኖ ባሕር ይሻገራል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የነበረ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ አገሩ ሲመለስ በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ማብቀል ጀመረ። ዋና ደንበኞቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ሰዎች ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ክልከላው በከፊል የላላው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እርግጥ ነው፣ ጤፍ የድኻም የሀብታምም ጉርሻ ስለሆነ የአገር ቤቱ ዋጋ እንዳይንር መጠንቀቁ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ልጆቻችን የፈጠሩት ገበያ ባዶውን አልጠበቀንም፤ ሌላ ገበሬ ገባበት። ስደተኛ መንገዱን ይከፍታል፤ በመንገዱ ማን እንደሚሄድበት ግን የሚወስነው አገር ቤት ያለው ሰው ዝግጅትና የመንግሥት ሕግ ነው።

ዛሬም ጉዳዩ ከደጃችን ነው። በየመን ጦርነት የተነሣ የዚያ አገር ሰዎች እንደ አያቶቻቸው ወደ ከተሞቻችን መጥተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ የመሥራት መብት እንዲኖረው ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየው የአስመጪና ላኪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ባለ ሱቅ የሆኑ አባሎቻችን በዚህ ቢሰጉ አንፈርድባቸውም። ታሪኩ የሚያስተምረን ግን ሁለት ነገር ነው። እንግዳውንና የአገሬውን በአንድ ሕግ ያልዳኘ ውል ቅሬታ ይወልዳል፤ ይህን ከ1900ው ውል አይተናል። እንግዳውን ነቅሎ ማባረርም መንገዱን አብሮ ይነቅለዋል፤ ይህን ደግሞ ከ1967 አይተናል። መካከለኛው መንገድ የኛ ልጅ ከእንግዳው ባንኮኒ አጠገብ ቆሞ ሙያውንም ደንበኛውንም እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ለአባሎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ውጭ አገር ካለ ልጃችን ጋር በስልክ ስንነጋገር የሚላክልንን ገንዘብ ብቻ አንጠይቅ። «እዚያ ሰዉ ምን ይፈልጋል? ከኛ ዘንድ ምን ቢመጣ ይገዛል? ዕቃውን የሚረከብ የታመነ ሰው አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። በርበሬ የምታዘጋጅ እናት፣ ሸማ የሚሠራ አባት፣ ቅመም የሚፈጭ ወጣት በመካከላችን አለ። ዋስ መሆንን ደግሞ ከእድር ሰው የበለጠ የሚያውቀው የለም።

ቸር ያሰባስበን።