የኤሌክትሪክ ሒሳብ በድንገት ሲጨምር የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከቀደሙት ወራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሒሳብ የአንድን ቤተሰብ የወር ወጪ ዕቅድ ያናጋል። በተለይ ገቢያቸው በቀን ሥራ፣ በፋብሪካ ደመወዝ ወይም በጡረታ አበል ላይ ለተመሠረተ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ነዋሪዎች ጉዳዩ የቤት ኪራይ በመክፈልና መብራት እንዳይቋረጥ በማድረግ መካከል የሚያስመርጥ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የሒሳብ ጭማሪ ሁሉ ከአንድ ምንጭ አይመነጭም። የአንዱ አሃድ ዋጋ ጨምሮ፣ የቤቱ ፍጆታ ከፍ ብሎ ወይም የቆጣሪው ንባብ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። መፍትሔያቸውም የተለያየ በመሆኑ ደንበኛው ከሁሉ አስቀድሞ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

አቃቂ ቃሊቲና ኤሌክትሪክ

አቃቂ ቃሊቲ ከኤሌክትሪክ ጋር የቆየ ትስስር ያለው አካባቢ ነው። ከ6 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው የአገሪቱ ቀዳሚ የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ አባ ሳሙኤል፣ የተገነባው ከከተማዋ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ጣቢያው ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ኃይል ማመንጨት መጀመሩ ይታወሳል።

ክፍለ ከተማው ዛሬ ነባር ፋብሪካዎችን፣ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክን፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ የተገነቡ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን እንዲሁም ብዙ ተከራዮች በአንድ ግቢ የሚኖሩባቸውን የቆዩ መንደሮች አቅፎ ይዟል። የአኗኗሩ ልዩነት በኤሌክትሪክ ሒሳብ ላይ በግልጽ የሚንጸባረቅ ሲሆን፣ ከዚህ በታች እንደሚብራራው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች ለጭማሪው ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

የታሪፍ ለውጥ

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ12 ዓመታት በላይ ሳይሻሻል ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመታት ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ በሚሆን አዲስ ታሪፍ ተተካ። በዚያ ማሻሻያ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀሙ የመኖሪያ ቤት ደንበኞች ዋጋ በነበረበት፣ ማለትም በኪሎ ዋት ሰዓት 0.273 ብር እንዲቀጥል ተደርጓል። ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖች ግን በየዓመቱ ጨምረው በመጨረሻው ደረጃ እስከ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው 0.767 ብር፣ እስከ 200 ያለው 1.625 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2.481 ብር ደርሰዋል።

ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ የአራት ዓመት ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል። የአሁኑ ከቀድሞው የሚለየው ጭማሪው በየሩብ ዓመቱ መደረጉ ነው። በመሆኑም አንድ ቤተሰብ የኃይል አጠቃቀሙን ምንም ሳይለውጥ በዓመት ውስጥ ሒሳቡ ደጋግሞ ከፍ ሊል ይችላል።

ብዙዎች የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ዋጋው ለምን አይቀንስም ሲሉ ይጠይቃሉ። ደንበኛው የሚከፍለው ግን ለማመንጫው ብቻ አይደለም። ኃይሉን ከማመንጫ ወደ ከተማ የሚያደርሱ መስመሮች፣ ማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ ትራንስፎርመሮችና ቆጣሪዎች ተጨማሪ ወጪ አላቸው። ከእነዚህም አብዛኞቹ ዕቃዎች በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ በመሆናቸው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በብር የሚወጣውን ወጪ ከፍ አድርጎታል።

ከታሪፉ በተጨማሪ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 የተደነገገው የተጨማሪ እሴት ታክስ ኤሌክትሪክንም የሚያካትት ሲሆን፣ በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀሙ መኖሪያ ቤቶች ከታክሱ ነፃ ተደርገዋል። ስለሆነም 200 ኪሎ ዋት ሰዓትን የሚሻገር ቤት ከፍ ያለ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ታክስም ይጠብቀዋል።

በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች

የእርከን ታሪፍ ዓላማ አነስተኛ ተጠቃሚውን መደጎም ነው። ሆኖም እርከኑ የሚሰላው በቆጣሪ እንጂ በቤተሰብ ቁጥር አይደለም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ተከራዮች እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ለየብቻቸው በመጀመሪያው እርከን ውስጥ ይቆዩ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናሉ። እስከ 200 ያለው እርከን ደግሞ በ2011ዱ ታሪፍ የመጨረሻ ደረጃ ከመጀመሪያው እርከን ስድስት እጥፍ ገደማ ዋጋ ነበረው። አምስተኛ ተከራይ ሲጨመር ድምሩ 225 ይደርሳል፤ ይህም ከታክስ ነፃ የሆነውን መጠን ያልፋል።

በዚህ ሁኔታ ለድሃው የታሰበው ድጎማ ለድሃው ሳይደርስ ይቀራል። ዘላቂው መፍትሔ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቆጣሪ እንዲያገኝ ማመልከት ሲሆን፣ ለዚህም የአከራዩ ፈቃድና ትብብር አስፈላጊ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ሒሳቡን በራስ ወይም በክፍል ቁጥር እኩል ከመካፈል ይልቅ ለየቤቱ አነስተኛ ቆጣሪ ከዋናው በኋላ አስገጥሞ በፍጆታ መጠን መካፈል አለመግባባትን ያስቀራል። አከራዩም ዋናውን ቢል ለተከራዮች ማሳየቱ ተገቢ ነው።

ከብሩ አስቀድሞ ኪሎ ዋት ሰዓቱን ማየት

ቢል በደረሰ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዓይን የሚያርፈው በሚከፈለው ብር ላይ ነው። የጭማሪው መንስኤ የሚታወቀው ግን በፍጆታው መጠን ነው። ደንበኛው ያለፈውን ንባብ ከአሁኑ ንባብ ላይ ቀንሶ የወሩን ኪሎ ዋት ሰዓት ያገኛል፤ ከቀደሙት ወራት ጋርም ያነጻጽረዋል። ፍጆታው እንደ ወትሮው ሆኖ ብሩ ብቻ ከጨመረ መንስኤው ታሪፉ ወይም ታክሱ ነው። ፍጆታው ራሱ ከጨመረ ግን ምክንያቱ በቤቱ ውስጥ ወይም በንባቡ ላይ ሊፈለግ ይገባል።

ቀጥሎ በቢሉ ላይ የሰፈረው የቆጣሪ ቁጥር በግድግዳው ላይ ካለው ቆጣሪ ጋር አንድ መሆኑን፣ በቢሉ የተመዘገበው ንባብም ቆጣሪው ከሚያሳየው አለመብለጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቆጣሪው ገና ያልደረሰበት ቁጥር በቢሉ ላይ ከሰፈረ ንባቡ ስሕተት ወይም ግምት መሆኑ ግልጽ ነው።

ግምታዊ ንባብ ለድንገተኛ ጭማሪ አንዱ መንስኤ ነው። ለምሳሌ በወር 120 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለሦስት ወራት በግምት 80 ቢመዘገብለት በየወሩ 40 ይጠራቀማል። በአራተኛው ወር ቆጣሪው በትክክል ሲነበብ የወሩ ፍጆታ 240 ሆኖ ይወጣል፤ ቤቱም ደርሶበት የማያውቀው እርከን ውስጥ ይገባል። ኃይሉ በእርግጥ ጥቅም ላይ የዋለ ቢሆንም በአንድ ወር የተበላ አይደለም። ስለዚህ ደንበኛው ፍጆታው ለየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላለት መጠየቅ ይኖርበታል። ችግሩ እንዳይደገምም ወሩ በገባ በተወሰነ ቀን የቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶግራፍ አንስቶ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው።

ቆጣሪንና መስመርን መፈተሽ

የቆጣሪ ወይም የመስመር ብልሽት ሲጠረጠር ቀላል ፍተሻ ማድረግ ይቻላል። በመጀመሪያ ዋናው ብሬከር ይጠፋል። ኃይል ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ሳለ ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ ቆጣሪው ተበላሽቷል ወይም ከብሬከሩ በፊት የተቀጠለ መስመር አለ። ሁለተኛ፣ ብሬከሩ በርቶ በቤቱ ያሉ ዕቃዎች በሙሉ ከሶኬት ይነቀላሉ፤ መብራቶችም ይጠፋሉ። በዚህ ጊዜ የሚቆጥር ከሆነ የቤቱ መስመር ኃይል እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የሚያፈስ መስመር ሒሳብ ከማናሩም በላይ ለሕይወትና ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ሦስተኛ፣ 1,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻውን ለ40 ደቂቃ ቢበራ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቆጣሪው ከዚህ እጅግ የበለጠ ካሳየ እንዲመረመር ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው። ሆኖም ቆጣሪን መክፈት፣ ማኅተሙን መንካት ወይም መስመር መቀጠል በሕግ የተከለከለና አደገኛ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በቤት ውስጥ ኃይል የሚበላው ምንድን ነው?

ስለ ሒሳብ መናር ሲነሳ በቅድሚያ የሚወቀሰው የእንጀራ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲበራ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በወር ስምንት ጊዜ ቢጋገርበት 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ነገር ግን በየቀኑ ለሁለት ሰዓት የሚበራ 1,500 ዋት ምድጃ በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይኸውም የምጣዱን ከእጥፍ በላይ ነው። በቀን አምስት ሰዓት የሚበራ ባለ 60 ዋት የቀድሞ አምፖል በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲወስድ፣ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ግን 1.35 ብቻ ይጠቀማል።

ስለዚህ የሚከተሉት እርምጃዎች ውጤት ያስገኛሉ፦

- ሊጡን አጠራቅሞ በአንድ ማሞቂያ መጋገር፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ምጣዱን ደጋግሞ ለማሞቅ የሚባክነውን ኃይል ያስቀራል።
- አክንባሎው በደንብ የሚገጥም እንዲሆን ማድረግና የመጨረሻዎቹን ጥቂት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት ማውጣት።
- የኃይል መጠን በሚቀንስባቸው የምሽትና የበዓል ዋዜማ ሰዓታት አለመጋገር፤ ምጣዱ በቶሎ ስለማይግል የሚበራበት ጊዜ ይረዝማል።
- ባቄላ፣ ሽምብራና የመሳሰሉትን አስቀድሞ መዘፍዘፍ፤ ድስትን ከድኖ ማብሰል።
- የማቀዝቀዣ በር ጎማን መፈተሽ፤ የውኃ ማሞቂያን ሲያስፈልግ ብቻ ማብራት።

አንዳንድ ቤተሰቦች ሒሳብ ሲጨምርባቸው ወደ ከሰል ይመለሳሉ። ከሰል ለመጠቀም የሚገደዱ ሰዎች እንደ ላቀች ያሉ ኃይል ቆጣቢ ምድጃዎችን ቢጠቀሙ ፍጆታቸውን መቀነስ ይችላሉ። በተዘጋ ክፍል፣ በተለይም በጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ፣ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ግን ሽታ በሌለው መርዛማ ጭስ ምክንያት ሕይወትን ያሳጣል።

ቅሬታን ማቅረብ

የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ቆጣሪንና ሒሳብን የሚመለከተው ተቋም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ደንበኛው ቅሬታውን በቅርቡ በሚገኝ የአገልግሎቱ ማዕከል ወይም በነፃ የስልክ ጥሪ ቁጥር 905 ማቅረብ ይችላል። ወደ ማዕከሉ ሲሄድ የቀደሙትን ወራት ቢሎችና ደረሰኞች፣ የቆጣሪውን ፎቶግራፍና የፍተሻውን ውጤት መያዝ ይኖርበታል። ቅሬታው የመክፈያ ጊዜው ከማለፉ በፊት በጽሑፍ መመዝገቡን ማረጋገጥም አስፈላጊ ነው። የዘርፉ ተቆጣጣሪ አካል የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው።

ታሪፉ እስከ 2020 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ መጨመሩን የሚቀጥል በመሆኑ የአንዱ አሃድ ዋጋ በደንበኛው እጅ አይደለም። የፍጆታው መጠንና የንባቡ ትክክለኛነት ግን ሊቆጣጠራቸው የሚችሉ ናቸው። በየወሩ የቆጣሪውን ቁጥር የሚመዘግብ ቤተሰብ የሚገባውን ብቻ ለመክፈልም ሆነ የማይገባውን ለመከራከር በቂ ማስረጃ ይኖረዋል።