የባዕድ ጣቢያና የመንዝ ጆሮ

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የሬዲዮም ሆነ የቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤት እንዳይሆን ከለከለ። በ2013 ዓ.ም. የመጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ በሩን ጥቂት ገርበብ አደረገው። በሰሜን ሸዋ ላሉት ለመሐል ሜዳ፣ ለራቤልና ለዓለም ከተማ አድማጭ ግን የባዕድ ጣቢያ ሕጉን ጠብቆ አልገባም። አገሩ የሬዲዮ ድምፅ መስማት ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ የባዕድ እጅ አለበት። የአቃቂን ሬዲዮ ጣቢያ የተከለው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ጣቢያው ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ የዚያው አገር ጦር መጣና አርበኛው መንዝና መርሐቤቴ ላይ ሸፈተ።

በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን አዲስ አበባ ላይ ከፈተ። ደርግ በመጋቢት 1969 ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። ዶይቼ ቬለ በ1957፣ የአሜሪካ ድምፅ (ቪኦኤ) በ1975 በአማርኛ መናገር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያለው የሰሜን ሸዋ ደጋ ታሪክ የማታ ታሪክ ነው። የደከመው ባትሪ ድንጋይ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል፤ ማታ ሬዲዮኑ ይከፈታል፤ ሽቦ ከአንቴናው ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ድምፁ ይቀነሳል። ያን ጊዜ የባለቤቱ ዜግነት የማንም ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄው የአገር ውስጡ ጣቢያ የዘለለው ነገር ምንድን ነው የሚል ነበር። ልጁ ዘምቶ ደብዳቤው የቀረበት አባት ለአሜሪካ ፍቅር ኖሮት አልነበረም ጆሮውን የሚያስጠጋው።

መንግሥታት ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የቪኦኤን የአማርኛ ክፍል ከሩዋንዳው የዘር ፍጅት ሬዲዮ ከሚል ኮሊን ጋር አመሳሰሉት፤ ሥርጭቱን ለማፈን መዘጋጀታቸውንም አልደበቁም። በዚያው ዓመት ከውጭ የተነሣው ኢሳት ቴሌቪዥን ሳተላይት ላይ በወጣ ቁጥር ይታፈን ነበር። በእኔ ግምት ያኔ ለኢሳት ከአፈናው የተሻለ ማስታወቂያ ማንም አልሠራለትም።

ቴሌቪዥን ወደ ደጋው የደረሰው ዘግይቶ፣ በዲሽ ነው። ከዱባዩ ሞቢ ግሩፕ ጋር በሽርክና የተቋቋመው ቃና በ2008 የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያናግር የአዲስ አበባ አርቲስቶች ተቆጡ። ያ ሙግት የከተማ ሙግት ነበር፤ እንለፈው።

የደጋውን አመለካከት ክፉኛ ያናወጠው የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሲኤንኤን የትግራይ አማፅያን አዲስ አበባ ዳርቻ ደርሰዋል የሚል ዘገባ አሰማ። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ሳምንት የአማፅያኑ ጦር እዚያም አልደረሰም ነበር። በኅዳር ግን እሳቱ መንዝ ገባ፤ መንግሥት ሞላሌና መዘዞ ነጻ ወጡ ያለው በዚያው ወር ውስጥ ነው። ስለ ሞላሌ የሚያወራ የዓለም ጣቢያ ለማግኘት መድከም ያስፈልግ ነበር። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ለሲኤንኤን፣ ለቢቢሲ፣ ለሮይተርስና ለአሶሺዬትድ ፕሬስ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ሕዝቡም ሰልፍ ወጣ። ቁጣው ሁሉ የመንግሥት ቅስቀሳ ውጤት ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። መንገዱን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ርቀት ሲሳሳትበት ማንም ሳይቀሰቅሰው ይቆጣል።

ቁጣው ግን ዕድሜ አላገኘም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሰሜን ሸዋም በአዲስ ግጭት ውስጥ ገባ። የአገር ውስጡ ዜና ስለ ቀበሌው ዝም ባለ ቁጥር ትናንት የተረገመው የባዕድ ጣቢያ እንደገና ይፈለጋል። ስለዚህ በደጋው የባዕድ ጣቢያ ተቀባይነት የሚለካው በባለቤቱ ማንነት ሳይሆን በእኛ ጣቢያዎች ዝምታ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። የአክሲዮን ድርሻ የሚቆጥር ሕግ ይህን አይደርስበትም።

ያም ሆኖ ባለቤትነት ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ መንግሥት የቪኦኤን ሠራተኞች ከሞላ ጎደል በሙሉ ከሥራ አግዶ ቤት አስቀመጠ። ከ42 ዓመታት በላይ ሲደመጥ የኖረው የአማርኛ ሥርጭት የተቋረጠው በዋሽንግተን ውሳኔ ነው፤ የመንዝን አድማጭ የጠየቀው የለም።