ካርዳቸው ሲከፈት ያልሰሙት ታካሚዎች

ስሙኝማ፤ ይህ የሆነው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ዓመቱንም የምቆጥረው በእነሱ አቆጣጠር ነው። በ2008 አንዲት ሴት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ አላት። እንዴት? ቁርስ የለም፤ ምሳ ላይ ከፈለግሽው ምግብ አምስት ጉርሻ፣ እራት ላይ አምስት ጉርሻ፤ በቃ። ሴትዮዋን ይህ ምክር አልጣማትም። ለግዛቲቱ የሕክምና ቦርድ አቤት አለች። የሐኪምነት ፈቃድ የሚሰጥም የሚነጥቅም ይኸው ቦርድ ነው።

እናንተ መርማሪ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር? የሴትዮዋን ካርድ አውጥታችሁ፣ ሐኪሙን ጠርታችሁ ትጠይቁ ነበር። ቦርዱ ግን ከዚያም አልፎ ኪዩርስ የሚባለውን የመረጃ ቋት ከፈተ። ኪዩርስ በግዛቲቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መዝገብ ነው። ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት፣ ማለትም ብርቱ የሕመም ማስታገሻ፣ የእንቅልፍ፣ የጭንቀት መድኃኒት፣ ከፋርማሲ በወጣ ቁጥር የታካሚው ስም፣ ያዘዘው ሐኪም፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን እዚያ ይገባል። ሎስ አንጀለስ፣ ኦክላንድ፣ ሳን ሆዜ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከእነዚህ አንዱን ወስዳችሁ ከሆነ የእናንተም ስም እዚያው ነው።

ሐኪሙ በሦስት ዓመት ያዘዘው ተለቅሞ ወጣ። አቤቱታው የጉርሻ ነበር እኮ! ዝርዝሩ ውስጥ ስማቸው የሰፈረው ሰዎች ግን ለማንም አቤት አላሉም። የፍርድ ቤት ፈቃድ አልተጠየቀም፤ ለታካሚዎቹም የነገራቸው የለም። የመድኃኒት ስም ብቻ ነው፣ ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። የመድኃኒቱ ስም በሽታውን ይናገራል እንጂ! ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገለውን፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣውን፣ ለባለቤቱ እንኳ ያልነገረውን ጭንቀት ለሐኪሙ የነገረውን ሰው ያጋልጣል።

ቦርዱ ከዝርዝሩ አምስት ታካሚዎችን መርጦ ሙሉ ካርዳቸው እንዲሰጠው ጠየቀ። ሦስቱ ፈርመው ፈቀዱ። ሁለቱ አልፈረሙም፤ የእነሱ ካርድ በመጥሪያ ተወሰደ። በመጨረሻ ሐኪሙ ፈቃዱ ሳይነጠቅ ለሦስት ዓመት በክትትል ሥር እንዲሠራ ተወሰነበት።

ሐኪሙ ግን አልተቀበለም። የታካሚዎቼ ምስጢር ተደፍሯል ብሎ ከሰሰ፤ ከታች ተረትቶ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ። ጉዳዩ በቤተሰብ ስሙ ሉዊስ ተብሎ ይታወቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸውና፦ አንተ የተመረመርከው፣ በሌላ ሰው ምስጢር ስም የመናገር መብት አለህ ወይ? ፍርድ ቤቱ አለው አለ። እኔም ደግ አደረጉ እላለሁ። ሐኪሙ የራሱን እንጀራ ለማዳን እንደሚሟገት ማንም ያውቃል። ግን ሌላ ማን ይቁምላቸው? ባለቤቶቹ እኮ አልሰሙም!

ምስጢራቸው ያለ አግባብ ተደፍሯል ወይ በሚለው በሁለተኛው ጥያቄ ግን ተረታ። ጁላይ 17 ቀን 2017 ዳኛ ጉድዊን ሊዩ የጻፉትን ውሳኔ ሁሉም ዳኞች ተስማሙበት። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1972 ድምፅ ሰጥቶ ግላዊነትን በሕገ መንግሥቱ አስፍሯል፤ ቢሆንም፣ አሉ፣ የታካሚው ግላዊነት ተነክቷል ቢባል እንኳ ግዛቲቱ ሕዝቡን ከአደገኛ የመድኃኒት አስተዛዘዝ ለመጠበቅ ያላት ጥቅም ይበልጣል።

ይህን ምክንያት አላቃልለውም። በአሜሪካ ስንት ቤት በሕመም ማስታገሻ ልጁን ቀብሯል። ክኒን እንደ ቆሎ የሚበትን ሐኪም ሲገኝ ቦርዱ የፍርድ ቤት ፈቃድ ፍለጋ ወራት ይቁም አልልም። በዚያ ላይ ሙሉ ካርድ ሲሆን ሕጉ ጠበቅ ይላል። ገና በ1979 አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ቦርዱ በቂ ምክንያት ሳያሳይ የአምስት ታካሚዎችን ካርድ ከሆስፒታል እንዳይወስድ ከልክሎ ነበር። ከሉዊስ በኋላም፣ በ2019፣ በሁለት ጉዳዮች ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለቦርዱ አልበቃህም አለው። በአንዱ ላይ ቦርዱ ከኪዩርስ የተገኘውን የመድኃኒት መጠን ይዞ ነበር የመጣው፤ ነገር ግን በዚያው ሙያ ያሉ ሌሎች ሐኪሞች ያን መጠን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያዝዙ አላሳየም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ዝምታው ነው። በዚያችው ግዛት ሁለት ሰዎች በፍትሐ ብሔር ሲካሰሱ፣ የአንዱ ጠበቃ ከሐኪም ቤት ካርድ በመጥሪያ ካስወጣ፣ ባለካርዱ አስቀድሞ እንዲያውቅ ሕግ ያዛል፤ እንዲቃወምም ጊዜ ያገኛል። የኪዩርሱ ዝርዝር ሲነበብ ግን ታካሚው ወሬውንም አይሰማም። ምርመራው እንዳይበላሽ ከሆነ፣ እሺ፣ እስኪያልቅ ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ደብዳቤ ምን ትከብዳለች? ስምህ ከነመድኃኒትህ በዚህ ቀን፣ ለዚህ ጉዳይ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ታይቷል የምትል።

እስከዚያው፣ በአሜሪካ ያላችሁ ይህቺን ያዙ። ሂፓ የሚባለው የፌደራል ሕግ፣ የሙያ ፈቃድ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ያለ ታካሚው ፈቃድ ካርድ እንዲያይ በር ይከፍታል፤ ያው ሕግ ግን ባለፉት ስድስት ዓመታት ካርዳችሁ እንዲህ ላለ አካል ተላልፎ ከሆነ ለማንና መቼ እንደተሰጠ ዝርዝሩን ከሆስፒታላችሁ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ምርመራ ላይ ከሆነ ለጊዜው ሊያቆዩባችሁ ይችላሉ። ካርድ ክፍል ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናትና አባት ካሏችሁም አብራችኋቸው ሂዱና የእነሱንም አስወጡ።