ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ኮከብንስ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአማርኛ ተረት። ሰው የተጠራበትን ስም ይመስላል ለማለት ነው። ደብተራው ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ይሻገራል፤ መልአኩ ካወጣው ስም ላይ ተነሥቶ ኮከብ ያወጣል። ኮከቡን ሊያስቆጥር የመጣውን ሰው «መቼ ተወለድህ?» ብሎ አይጠይቀውም። «ስምህ ማን ነው? የእናትህስ?» ይለዋል። የአገራችንን የኮከብ ቆጠራ ታሪክ ለማየት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊደነቅ የሚገባው በዚህ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ወደ ሰማይ ቀና ሳይሉ የሚያውቁት ኮከብ፣ ልደት ሳይጠየቅ የሚነገር የልደት ኮከብ!

ስሌቱ አያስቸግርም። እያንዳንዱ ፊደል የተወሰነ ቁጥር ተሰጥቶታል። የባለቤቱ ስም ፊደላት ይደመራሉ፤ የእናቱ ስም ይጨመርበታል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ኮከቡ ነው። 1 የተረፈው ሐመል፣ 2 የተረፈው ሰውር፣ 3 የተረፈው ገውዝ እየተባለ በሸርጣን፣ በአሰድ፣ በሰንቡላ፣ በሚዛን፣ በአቅራብ፣ በቀውስ፣ በጀዲና በደለዊ ታልፎ ሑት ላይ ይደረሳል። ከዚያ በኋላ አውደ ነገሥቱ ይገለጣል። መጽሐፉ ለየኮከቡ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ ወይም ውኃ ብሎ ባሕርይ መድቧል። የሰውየውን ጠባይ፣ በገላው ላይ ያለውን ምልክት፣ የሚያሠጋውን ሕመም፣ የሚያርደውን ዶሮ ወይም በግ መልክ፣ የሚይዘውን ክታብ ሳይቀር ይነግረዋል።

የአሥራ ሁለቱም ስም ዐረብኛ ነው። ሐመል የበግ ግልገል፣ ሰውር በሬ፣ አሰድ አንበሳ፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ ነው። በግዕዝ የሚጸልየው የቤተ ክርስቲያን ሰው በዐረብኛ ኮከብ ይቆጥራል። የስምና የእናት ስም ስሌቱም ከዚያው የመጣ ነው፤ በባልኽ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ886 ባረፈው በታላቁ ኮከብ ቆጣሪ በአቡ መዕሸር ስም በዐረቡ ዓለም በሚዞረው ተወዳጅ መጽሐፍ ውስጥ ይኸው በ12 መግደፍ ይገኛል። ለዐረቦቹ ነገሩ ቀላል ነበር፤ በአብጀድ ሥርዐት ፊደላቸው ራሱ ቁጥር ነው። የእኛ አኃዞች፣ እነ ፩ እነ ፪፣ የተወሰዱት ከግሪክ ፊደላት ስለሆነ ቁጥሩን በፊደላችን ላይ መጫን ግድ ሆነ።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን የሚያስፈግግ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «አ»ን ከ«ዐ» በጆሮው አይለይም፤ ሲጽፍም እንዳሻው ያቀያይራቸዋል። በቆጠራው ሰንጠረዥ ላይ ግን የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ዓለሙ በዐይኑ «ዐ» ሲጻፍ አንድ ኮከብ፣ በአልፋው «አ» ሲጻፍ ሌላ ኮከብ ይወጣለታል። ፊደል ይቀነስ፣ አይቀነስ በሚለው የዘመናት ክርክር ውስጥ «የሰው ዕድል ይዛባል» ብሎ የተሟገተ ሊቅ ስለ መኖሩ አልሰማሁም፤ ቢኖር ግን በሙያው ሕግ ልክ ነበር።

ወደ ሕንድ ብንሻገር ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በቬዳው የኮከብ ትምህርት የልደት ኮከብ ማለት ሕፃኑ ሲወለድ ጨረቃ ያረፈችበት «ናክሻትራ» ነው። ጨረቃ ከአንድ ኮከብ ተነሥታ ወደዚያው ለመመለስ 27 ቀን ከሩብ ያህል ይፈጅባታል፤ መንገዷም በ27 ማደሪያ ተከፍሏል። አፈ ታሪኩ ማደሪያዎቹን ሴቶች ያደርጋቸዋል። ዳክሻ ሃያ ሰባት ሴቶች ልጆቹን ለጨረቃ ዳረ። ጨረቃ በእነርሱ ዘንድ ወንድ ነው፤ ስሙም ቻንድራ ይባላል። በየሌሊቱ ወደ አንዷ መሄድ ሲገባው ልቡ ከሮሂኒ ጋር ቀረ። ሌሎቹ ለአባታቸው አቤት አሉ። ዳክሻ መከረው፣ አልሰማም፤ ረገመው፣ መክሳት ጀመረ። ብርሃኑ ከሌሊት ወደ ሌሊት እየሟሸሸ ሊጠፋ ሲል ልመናው በዛ፤ እርግማኑም ፈጽሞ ሳይነሣ ተሻሻለ፦ ግማሽ ወር ይክሳ፣ ግማሽ ወር ይወፍር። በጉጃራት ባሕር ዳር ያለው የሶምናት መቅደስ፣ ትርጓሜው «የጨረቃ ጌታ»፣ ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል።

ሮሂኒ ማለት ቀይዋ ማለት ነው። በእርግጥም ቀይ ናት፤ ዐረቦች አል ደበራን፣ «ተከታይዋ» የሚሏት፣ በበሬው ምስል ዐይን ላይ የምትበራው ኮከብ ናት። በመስከረም መገባደጃ ቦምቤ ላይ ሆኖ ሌሊቱ ከጠራለት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው መጀመሪያ ተጠጋግተው የተቋጠሩትን ትንንሽ ከዋክብት፣ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደግሞ ይህችን ቀይ ኮከብ እነርሱን ተከትላ ስትወጣ ያያታል። የስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ቫራሃሚሂራ በሮሂኒ የተወለደውን ሰው እውነተኛ፣ ንጹሕ፣ አንደበተ ጣፋጭ፣ አሳቡ የጸና፣ መልከ መልካም ይለዋል። ክሪሽናም በሮሂኒ ተወለደ ይባላል። ተወዳጅነቱን የሰጡት ከተረቱ ቀድተው ነው፤ የተወደደችው ሚስት ኮከብ የሚወደድ ልጅ ታወጣለች።

ስሙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ናክሻትራ በአራት ይከፈላል፤ ለየክፍሉም አንድ ድምፅ ተመድቦለታል። የሮሂኒ ድምፆች ኦ፣ ቫ፣ ቪ፣ ቩ ናቸው። በሮሂኒ የተወለደ ልጅ ስም ከእነዚህ በአንዱ ይጀምራል። በዚያ ኮከቡ ስሙን ያወጣል፤ በዚህ ስሙ ኮከቡን። ሰማይን ተመልክቶ ሰዓትን የሚመዘግብ ባለሙያ ባለበት አገር ልደት የታወቀ ነገር ሆነ፤ ልደት «በማይጨው ዘመቻ ዓመት» ወይም «ጤፉ ሲታጨድ» ተብሎ በሚታወስበት አገር ግን እርግጡ ነገር ስም ነበር። ስሌቱ የተደላደለው ለዚህ ይመስለኛል።

ይሁንና ኢትዮጵያ ሁሉ ሰማይን ትታ ፊደል ቆጠረች ማለት አይደለም። የቦረና አያንቱዎች ያለ መሣሪያና ያለ መጽሐፍ፣ በዐይንና በቃል ትውስታ ብቻ፣ ጨረቃ ከተመረጡ ከዋክብት ጋር ስትገናኝ እየጠበቁ ወራትን ይለያሉ። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አቆጣጠር ለዓለም አስተዋውቋል። ከከዋክብቱ መካከል ቡሳን አለ፣ እነዚያ የተቋጠሩት ናቸው፤ ቀጥሎም በከልቻ፣ ሮሂኒ ራሷ። (በሌላው የኦሮሞ ምድር በከልቻ የንጋት ኮከብ ስም ነው።) ቀኖቹ ስም ያላቸው ሲሆኑ ቁጥራቸው 27 ነው፤ ቢታ ቃራ፣ ሶርሳ፣ አልጋጂማ፣ አርብ እያሉ ይዞራሉ። ለየቀኑ አያና አለው፤ በዚያ ቀን የተወለደ ሰው ጠባይና ዕድልም ከዚያው አያና ጋር ይነካካል። ከሕንዱ 27 ጋር መግጠሙን አይቶ «ይኸው ከእነርሱ ወስደዋል» ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። እኔ አልቸኩልም። የጨረቃ ዙር ለሁሉም ሃያ ሰባት ቀን ከሩብ ነው፤ በሁለት አገር የሚኖሩ ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች አንድ ቁጥር ላይ ቢደርሱ ምን ይገርማል?

ወላይታም የጨረቃ አገር ነው። በወላይትኛ «አጊና» ጨረቃም ወርም ነው፤ በግዕዝም «ወርኅ» እንደዚሁ ሁለቱንም ይሸከማል። የዘመን መለወጫው ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ ቀኑን የሚለዩት የጨረቃዋን ብርሃን፣ ፖኡዋን፣ እና ጨለማዋን፣ ጡማን፣ እየተከታተሉ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሕንዱ ጨረቃ ለምን እንደሚከሳ ተረት ሠራ፤ የወላይታ ሽማግሌ ክሳቱን ቆጥሮ ዓመት አወጣበት።

በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ከነፍጡና ከታቦቱ ጋር የፊደል ቆጠራውም ወደ ደቡብ ወረደ። አብሮም ሌላ ነገር መጣ፤ የስም ለውጥ። በክርስትና መዝገብ፣ ኋላም በትምህርት ቤት መዝገብ፣ እናት በወላይትኛ ያወጣችው ስም በአማርኛ ስም ሲተካ የኖረ ሰው በቦምቤም በሶዶም በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር አይደለም። ቤት ውስጥ አንድ ስም፣ መዝገብ ላይ ሌላ ስም። በአውደ ነገሥቱ ሕግ እንግዲህ ይህ ሰው ሁለት ኮከብ አለው። እሳት ሆኖ ተወልዶ ውኃ ሆኖ ተመዘገበ። የትኛው ኮከብ ያጋባዋል? በየትኛው ይታመማል? ደብተራ እናቱን ስሟን ቢጠይቃትስ እርሷ ራሷ ስንት ስም አላት?

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ «ጦሳ»፣ እግዚአብሔር፣ የሚለው ቃል በላቲኑ «ኤክስ» ፊደል ይጀምራል፤ ረጅሙ አናባቢም በድርብ ይጻፋል። ሰንጠረዡ ለእነዚህ ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለው የፊደልና የስም ጉዳይ ዋዛ እንዳልሆነ ወላይታ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የቀረበው የትምህርት መጽሐፍ በሶዶ ቁጣ አስነሥቶ ሕይወት ጠፍቶበታል፤ መጽሐፉም ተሰብስቧል።

ቤተ ክርስቲያን ኮከብ ቆጠራን አልወደደችውም። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ጠንቋይና ሟርተኛን አጥብቀው አሳደዋል። ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ እንኳ በአንድ በኩል የፀሐይንና የጨረቃን በሮች በዝርዝር ሲተርክ፣ በሌላ በኩል የኮከብን ምልክት ማንበብ ለሰው ያስተማሩት የወደቁት መላእክት ናቸው ይላል። ደብተራው የሁለቱንም ምዕራፍ ወራሽ ነው።

ሥራው ግን ጉዳት አልባ አልነበረም። «ኮከባችሁ አልገጠመም» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር የፈረሰው እጮኝነት በዝምታ ያለፈ ነው፤ ማንም አልጻፈውም። በሕንድም ሙሽሮች በናክሻትራ ይመዘናሉ፤ ከ36 ነጥብ 18 ያላመጡ ይጠረጠራሉ። እዚያ የሚያጣላቸው የሰማይ ርቀት ነው፤ እዚህ ግን የሁለት አማቶች ስም ፊደል። ልጅቷ በእናቷ ስም ምክንያት ትዳር ስታጣ እናቷ ምን ትላለች?

ያም ሆኖ በእናት ስም ላይ አንድ የማይናቅ ነገር አለ። ስማችን የአባት ስም ነው፤ አያትም ቢጨመር የአባት አባት ነው። በሹመት ደብዳቤ፣ በትምህርት ማስረጃ እናት የለችም። «እናት እውነት፣ አባት እምነት» የሚለውን አባባል በተግባር የተቀበለው ሌላው ሁሉ ሲዘነጋት የጠራት የደብተራው ስሌት ነው። ሰው የእናቱን ስም ለማያውቀው ከመናገር የሚቆጠበውም ለዚህ ነው፤ መተት የሚሠራው በእርሱ ነውና፤ ምስጢርነቱ ክብሯ ሆነ።

ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ወዲህ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ ተጀምሯል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ለሕንዱ ቆጣሪ የሚጠቅመውን የትውልድ ቀን ይዟል፤ ለደብተራው የሚያስፈልገው የእናት ስምም ከነአባቷ ስም በግልጽ ተጽፎበታል። ቦምቤ ላይ ዛሬ ልጁን የሚያስመዘግብ አባት የባለቤቱን ስም ለመዝጋቢው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ መዝጋቢውም በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ ይጠይቀዋል።