የመገናኛ ሬዲዮ ሽፋን ካርታ
የመገናኛ ሬዲዮ ሽፋን ካርታ የእጅ ሬዲዮ (ዎኪ ቶኪ) የሚሰማበትንና የማይሰማበትን ቦታ ለይቶ የሚያሳይ፣ ለሰፈር የአደጋ ጊዜ ዝግጅት የሚረዳ ካርታ ነው። በቪኤችኤፍና በዩኤችኤፍ የሚሠሩ ሬዲዮኖች በመካከላቸው ጋራ ወይም ጉብታ ሲገባ ድምፃቸው ይዳከማል ወይም ይጠፋል።

በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ በየካ ክፍለ ከተማ ይህ በግልጽ ይታያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የእንጦጦ ተራራ ላይ የሚተከል ሪፒተር (ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች የቆረጧቸው ሸለቆዎች ግን ሊጋረዱ ይችላሉ። በክረምት ጎርፍ የሚያሰጋውም ያው ወንዝ ዳሩ ነው። ስለዚህ ከከፍታ መረጃ በኮምፒውተር የተሰላ ግምት ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ጣቢያ ሆኖ ሲያዳምጥ ሌላው በሸለቆው እየሄደ ከየቦታው ይጠራል። ድምፁ በጠፋበት ቦታ ጥቂት ወደ ዳገቱ መውጣት ሊመልሰው ስለሚችል፣ ያ የመጥሪያ ነጥብም በካርታው ላይ ይመለከታል።